ባለቤት የለውም የተባለው ሙሾ

በደል ተፈጽሞብኛልና ተጽፎ ይቀመጥልኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎፋ ውስጥ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ለሟች ልጄ ያወጣሁት ሙሾ በማይክራፎን ተነበበ። የልጄ ስም ተፍቆ የሌላ ሴት ስም ገብቶበት ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ «ባለቤት የለውም» ተባለ። ዛሬ ይህን ስጽፍ የበደሉን ግማሽ ትቼዋለሁ፤ እንዲያውም አመስጋኝ ነኝ። ግማሹን ግን አሁንም አልተውኩም። የትኛውን እንደሆነ ታገሱኝና ትደርሱበታላችሁ።

አስካለ እባላለሁ። መካኒሳ መኖር ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። በማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ። ጡረታ እስክወጣ ክር ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ውሃ ከቦኖ በምንቀዳበት ዘመን ጄሪካኗን አስቀድማ ልትሾልክ የምትሞክር ሴት ካለች መጀመሪያ የምትሰማው የእኔን ድምፅ ነበር። ሰልፍ ሰልፍ ነው። ሰፈር ውስጥ ከኋላዬ «ዳኛዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ያለኝ ግን የለም።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ሙሾ አወጣለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የሟችን ነገር፣ ጠባዩን፣ ሥራውን በሁለት በሁለት መስመር አስገብቼ እላለሁ፤ ሴቶቹ ይቀበሉኛል። ሰው ልቡ ሞልቶ አፉ ሲዘጋበት አያስችለኝም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሂሩት የመጨረሻ ልጄ ነበረች። መካኒሳ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ትንሽ ፀጉር ቤት ነበራት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ሦስት ሳምንት ታማ ሞተችብኝ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጇ ሜሮን በእኔ እጅ ቀረች። በለቅሶው ቀን ሴቶቹ «አንቺ ዝም በይ፣ ራስሽን ትጎጂያለሽ» አሉኝ። ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል ብዬ ሙሾዋን ራሴ አወጣሁላት። ከዚያ በኋላ ግን ስሟን ቤቴ ውስጥ መጥራት አቃተኝ። ሜሮንም ፊቴን እያየች መጥራት ተወች። ማበጠሪያዋን፣ መቀሷን፣ የፀጉር መጠቅለያዋን በካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። እንዲህ አድርገን ኖርን።

አሁን ሜሮን አሥራ ስምንት ሆኗታል። ሳታስፈቅደኝ ግጥም ትጽፋለች።

«እምዬ፣ በወር አንድ እሑድ ጎፋ ግጥምና ዘፈን የምናቀርብበት ቦታ አለ። ዛሬ እኔም አነባለሁ። ነይ ስሚኝ» አለችኝ።

«ስለ ምንድን ነው ግጥምሽ?»

«ስለ ታክሲ።»

«ታክሲ ደግሞ ምን ግጥም አለው?»

«ስትሰሚ ታያለሽ።»

ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። አዳራሹ የወጣቶች ነው፤ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኛ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው መንዙማ ሲሉ አዳራሹ ሁሉ አብሯቸው ተወዛወዘ። አንዲት ልጅ በወላይትኛ ዘፈነች፤ ቃሉ ባይገባኝም ትከሻዬ ገባው። አንድ ወጣት ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ በፍጥነት ሲያወራ ሰው «ይመችህ! ይመችህ!» እያለ ጮኸ።

«ምን እያሉት ነው?» አልኳት ሜሮንን።

«ጎሽ ማለት ነው እምዬ።»

«ታዲያ ጎሽ አይሉትም?»

መድረኩን የሚመራው ካሌብ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ኮፍያውን አላወለቀም እንጂ ሌላ ነቀፋ አልነበረኝም። ቀጥሎ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ጠራ። ወጣቱ ያሬድ ይባላል። ያሬድ የታጠፈች ወረቀት ሰጠው። ካሌብ ገለጥ አድርጎ አያት፤ ፈገግ ብሎ አጠፋትና መለሰለት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«አሁን የምትሰሙት ከለቅሶ ቤት የተገኘ ነው። ባለቤት የለውም። የሕዝብ ነው፤ የሁላችንም ነው።»

ያሬድ ወረቀቷን ኪሱ ከተታት። ማይኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳያነብ፣ በቃሉ ጀመረ።

«ዝናብ ሳያባራ ጃንጥላ ሳትይዢ፣
ምነው አልማዝ እቴ ብቻሽን ስትሄጂ።»

መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። እርጅና ነው አልኩ። ቀጠለ።

«በሩን ገርበብ አርጌ ጠብቄሽ ነበረ፣
ኮቴሽ ዛሬ ጠፍቶ ደጅ ጭር ብሎ ቀረ።»

ያ በር የእኔ በር ነው። ሂሩት ፀጉር ቤቷን ዘግታ እስክትመጣ ገርበብ አድርጌ የምጠብቅበት በር። አዳራሹ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ ተነሣሁ።

«ቆይ! አታጨብጭቡ!»

ሜሮን ነጠላዬን ጨመደደች። «እምዬ፣ በናትሽ ቁጭ በይ። ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ!»

«ልቀቂኝ።»

ካሌብ ከመድረኩ ፈገግ አለ። «እማማ፣ መጨረሻ ላይ የአስተያየት ሰዓት አለን።»

«አስተያየት የለኝም። ያለኝ ስሞታ ነው።»

ሰው ሳቀ። መሳቃቸው የበለጠ አናደደኝ።

«ይህ ሙሾ የእኔ ነው። ለልጄ ያወጣሁት ነው። አልማዝ የምትባል ሴት አላውቅም። የልጄን ስም ከውስጡ ማን ፋቀው?»

«እማማ፣ ይገባኛል፤ ልብዎን ነክቶት ነው» አለ ካሌብ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ግን ይህን ግጥም ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሁላችንም ነው እኮ።»

«የሁላችሁም ከሆነ እስቲ ቀጥሉት።»

«ምን?»

«ቀጥሉት! አላለቀም። ሁለት መስመር ይቀረዋል። የሁላችሁም ከሆነ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይጨርሰው።»

ካሌብ ያሬድን አየው። ያሬድ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላም የሚያውቀው አልተገኘም። ሜሮን ነጠላዬን ለቅቃ የወንበሩን መደገፊያ አስያዘችኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያን ሙሾ ከእነ ስሟ ብዬው አላውቅም ነበር። ስሟ ይወጣልኝ እንደሆነም እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን ተናግሬአለሁ፤ ካልጨረስኩት ያበደች አሮጊት ሆኜ ልቀመጥ ነው፤ ልጄም አልማዝ ሆና ልትቀር ነው።

«ምነው ሂሩት ልጄ ብቻሽን ስትሄጂ» ነው የሚለው አልኩ። ከዚያ የቀረውን በዜማው አወጣሁት።

«የሰው ፀጉር ሰርተሽ ሰዉን ስታስውቢ፣
ያንቺን ሳላበጥር አፈር ውስጥ ልትገቢ።»

ዞር ብዬ ሳይ ሜሮን አፏን በእጇ ይዛለች። ያን መስመር ሰምታው አታውቅም ነበር፤ በእናቷ ለቅሶ ቀን ልጆቹን ጎረቤት ቤት ነበር ያስቀመጥናቸው።

ያሬድ ማይኩን አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ሂሩት ነው ያሉት?»

«ሂሩት ነው ያልኩት። ደግሜ ልጩህልህ?»

«አይ። ሰምቻለሁ።» እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ከዚያ ተወው። «እማማ፣ አልማዝ እናቴ ናት።»

«የእናትህን ነፍስ ይማር። የልጄን ሙሾ ግን ማን ሰጠህ?»

«እርስዎ።»

አዳራሹ አጉተመተመ። እኔ ሳቅሁ፤ ያሳቀኝ ንዴት ነው። «አንተን አይቼህ አላውቅም።»

«አይተውኛል። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ጎፋ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ግቢ። እትዬ ሸዋዬ ናቸው ይዘውዎት የመጡት። የእናቴ አክስት ናቸው።»

ሸዋዬ የእድር ጓደኛዬ ነበረች። ስሟን ሲጠራ ዓይኔ ላይ የነበረው መጋረጃ ተገለጠ።

ሂሩት ከሞተች አምስት ወር ቢሆናት ነው። ለቅሶ ቤት ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብዬ ምዬ ነበር። ሸዋዬ «የእህቴ ልጅ ሞታብኝ ብቻዬን እንዴት ልሂድ?» ብላ አስነሣችኝ። ድንኳን ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። የቤተሰቡ ግማሽ ጴንጤ ነው፤ በአንድ በኩል መዝሙር ይዘምራሉ። ሌላው ግማሽ ሙሾ የሚያወጣ ሰው አጥቶ አንገቱን ደፍቷል። መካከል ላይ አንድ ልጅ የትምህርት ቤት ሹራቡን እንደለበሰ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። «ከትናንት ጀምሮ አላለቀሰም፤ እህልም አልቀመሰ» አለችኝ ሸዋዬ በጆሮዬ። «አስካለ፣ እባክሽ።»

በዚያ ዓመት እኔ ጋ አንድ ሙሾ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሌላ ቃል ሁሉ ደርቆብኝ ነበር። እሱኑ አወጣሁት። ሂሩት ከሚለው ላይ ሂሩትን አንሥቼ አልማዝን አስገባሁ። ልጄ ከሚለው ላይ እቴ አልኩ። የፀጉሩን መስመር ዘለልኩት፤ አልማዝ ፀጉር ሠሪ አልነበረችማ። መዝሙር የሚዘምሩት ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ልጁም ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ፣ እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላስታውስም። ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ከራሴ አስወጥቼው ነበር።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት «ማን ፋቀው?» ብዬ የጮኽኩበት ስም፣ የፋቅሁት እኔው ነኝ።

ዳኛ ነኝ የሚል ሰው በራሱም ላይ መፍረድ አለበት። ዞርኩና ለሰዉ ተናገርኩ።

«ስሙን ፋቃችሁ ያልኩትን ስሞታ አንሥቻለሁ። ይህ ልጅ ሌባ አይደለም። የሰጠሁትን ነው የያዘው። ባለቤት የለውም የተባለውን ግን አላነሣም። እኔ ሞቼ ነበር እንዴ?»

ካሌብ ያኔ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወደዚህ ይውጡና ባለቤቱ ሆነው ይበሉልን።»

ያሬድ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ማይክ አልፈልግም አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩት፤ አንድ ጊዜ ለሂሩት፣ አንድ ጊዜ ለአልማዝ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሴቶች፣ ባለነጠላዋም ባለሂጃቧም፣ ባለሱሪዋም ልጅ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ተቀበሉኝ። ያሬድ አጠገቤ ቆሞ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሜሮንን እያየሁ ነበር።

ተራዋ ሲደርስ እንዲህ ከሆነ ሕዝብ ፊት ስለ ታክሲ እንዴት ታነባለች ብዬ ተጨነቅኩ። ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። «እናቴ ሂሩት ትባላለች። ፀጉር ቤቷ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ስለነበር የረዳቶቹን ጩኸት እየሰማሁ ነው ያደግሁት» አለችና አነበበች። ረዳቱ አራት ሰው በሚቀመጥበት ላይ አምስተኛ ሲጭን፣ አንዲት ቁጡ አሮጊት «ልክ አይደለም!» ብላ ታክሲውን ስታስቆም የሚል ነው። ያቺ አሮጊት ማን እንደሆነች አዳራሹ ወዲያው ገባው። ሰው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። እኔም «ይመችሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከዚያ እሑድ በኋላ ቤቴ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። ማታውኑ ካርቶኑን አወረድነው። ሜሮን የእናቷን ማበጠሪያ አውጥታ «ነይ ቁጭ በይ» አለችኝና ሽበቴን አበጠረችልኝ። ስታበጥር ጠየቀችኝ፤ ሂሩት በልጅነቷ ምን ትወድ ነበር፣ ማንን ትመስል ነበር፣ ትቆጣ ነበር ወይ? እኔም ተናገርኩ። ዘጠኝ ዓመት ስሟን የደበቅሁት ሕመሙ እንዳይነሣ ብዬ ነበር። ለካ ልጅቷን የእናቷን ነገር አስርቤያታለሁ። ይህ ደግሞ የእኔ በደል ነው፤ እሱም አብሮ ይጻፍ።

በዚያ ቀን ከአዳራሹ ስወጣ አንዲት ከላፍቶ የመጣች ሴት እጄን ይዛ «እኔም ለእህቴ ብዬዋለሁ፤ ከማን እንደሰማሁት እንጃ» አለችኝ። ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ እጣላት ነበር። አሁን ግን «የእህትሽ ስም ማን ነው?» አልኳት። ነገረችኝ። ያዝኩት። ልጄ ብቻዋን ሄደች ብዬ አልቅሼ ነበር፤ ሙሾዋ ግን ስንት ቤት ገብቶ ከስንት ሰው ጋር ተቀምጧል። ለዚህ አመሰግናለሁ። አሁን በየወሩ እሑድ እሄዳለሁ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ይይዙልኛል። ከእኔ ቀድሞ የመጣ ሰው ካለ ግን አላስነሣውም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ያሬድ ታክሲ ሊያሳፍረን አብሮን ወጥቶ ስንጠብቅ ጠየቅሁት፤ ጠየቅሁት ከምል ተቆጣሁት ብል ይሻላል።

«አንተ ልጅ፣ ሁሉን ትቼልሃለሁ። ግን ሙሾውን ቃል በቃል የያዝክ ልጅ ባለቤቱን መያዝ እንዴት አቃተህ? አሮጊት ስም የላትም? አንዲት ሴት መጥታ እናትህን ስታለቅስልህ፣ ስምዎ ማን ነው ማለት ይከብዳል?»

ከኪሱ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አወጣ፤ ከደብተር የተገነጠለች፣ እጥፋቷ ላይ ያለቀች ወረቀት። መነጽሬን አደረግሁ። ሙሾው በተማሪ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል፤ ከግርጌው ደግሞ ሁለት ቃል አለ።

«ጠይቄዎት ነበር እማማ» አለ። «ከድንኳኑ ሲወጡ እስከ ብረት በሩ ተከትዬ ጠየቅሁዎት። እትዬ ሸዋዬ ገጠር ሄደው ሲቀሩ በዚሁ ስም ስንት ሰፈር ፈልጌዎታለሁ። ካሌብ ዛሬ አይቶት ‹ይህ እኮ ስም አይደለም› ብሎ ነው የተወው። እኔ ግን የነገሩኝን ነው የጻፍኩት። ‹የሂሩት እናት ነኝ› ነበር ያሉኝ።»